ለቆርቆሮ ጣሪያ የሚሆን መጽሐፍ

ሐምሌ ሲገባ «እስኪ ወፍራም መጽሐፍ ጠቁሚኝ» የሚለኝ ሰው ይበዛል። ክረምት ነው፣ ቤት ውስጥ ነን፣ ጊዜ አለ፣ ስለዚህ አምስት መቶ ገጽ ይሁንልኝ ነው ነገሩ። እኔ በዚህ አልስማማም። ወፍራም መጽሐፍ ጠልቼ አይደለም። በገጽ ብዛት መምረጥ ለጎንደር ክረምት ስለማይሆን ነው። እዚህ የክረምት መጽሐፍ የሚመረጠው በጣሪያው፣ በመብራቱና ቤት ውስጥ በተሰበሰበው ሰው ብዛት ነው።

የእኛን ክረምት ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን የምናገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን ዋናው ጉድ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ጠዋት ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ፀሐይ ትወጣለች፣ ልብስ ይሰጣል፣ ሰው ቅዳሜ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ሰባት ሰዓት ገደማ ደመናው መከመር ይጀምራል። ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱ ይጨልማል። ከዚያ በኋላ እንደ ቀኑ ነው፤ አንዳንዴ ካፊያ፣ አንዳንዴ ዶፍ፣ አንዳንዴ ደግሞ መብረቅና በረዶ የተቀላቀለበት፣ ከፒያሳ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ ጎርፍ በጎርፍ የሚያደርግ ዝናብ። ባጃጅ ይጠፋል። ከተገኘም ሒሳቡ ሌላ ነው። ስለዚህ ቁጭ ነው።

ቁጭ ማለት ግን ማንበብ ማለት አይደለም። የመስኮትና የቡና ስኒ ፎቶ እየለጠፉ «ዝናብና መጽሐፍ» የሚሉን ሰዎች ብቻቸውን የሚኖሩ ይመስለኛል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጆች ቤት ናቸው። የእህቴ ልጆችም እኛው ጋ ናቸው። ቡና ይፈላል። ዝናብ መንገድ ላይ የያዘው ሰው ደጃፋችን ላይ ተጠልሎ ሲንቀጠቀጥ እናቴ «ግባ እንጂ ልጄ፣ እዚያ ምን ያስቆምሃል» ትለዋለች። እሱም ይገባል፣ ቡና ይቀዳለታል፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል። ጥያቄው ደግሞ ቶሎ አያልቅም። እንግዲህ በዚህ መሃል አንድ ዓረፍተ ነገሩ ግማሽ ገጽ የሚሄድ ልቦለድ ይዛችሁ ብትቀመጡ ያንኑ ገጽ ስትደጋግሙ ቡናው በረካ ይደርሳል።

ከሁሉ በላይ ግን ጣሪያው ነው። አብዛኞቻችን የምንኖረው ቆርቆሮ ሥር ነው፤ ኮርኒስ ቢኖርም ብዙ አያግዝም። ዶፉ ሲወርድ ቴሌቪዥን አይሰማም። ሬዲዮ አይሰማም። አጠገባችሁ ያለው ሰው ምን እንዳለ የምታውቁት አፉን አይታችሁ ነው። በረዶ ከተጨመረበትማ ገልባጭ መኪና ጠጠር የሚደፋብን ነው የሚመስለው። ትረካ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰሙ ጓደኞች አሉኝ፤ እንዲህ ባለ ሰዓት እነሱም አውልቀው ያስቀምጡታል። ግን ይኼ ጩኸት አንድ ውለታ አለው። ቤቱን ሁሉ ዝም ያሰኛል። መነጋገር ስለማይቻል ማንም አያነጋግራችሁም፣ ማንም «እስኪ ያንን አቀብይኝ» አይልም፣ ልጆቹም ጋቢ ውስጥ ገብተው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። የእኔ ምርጥ የንባብ ሰዓት ይኸው ነው። ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት።

ለዚያ ሰዓት የሚሆነው የሚሮጥ መጽሐፍ ነው። ቋንቋው የሚጣጣም፣ ቃል ቃሉን በልባችሁ እያሰማችሁ የምታነቡት መጽሐፍ ዶፍ ላይ ይባክናል፤ ጆሮ ስለተያዘ ዜማው አይሰማም። ሴራ ያለው፣ ሰው የሚሮጥበት፣ «ከዚያስ?» የሚያሰኝ ይሻላል። በአማርኛ ከሆነ ለእኔ አንደኛው «ኦሮማይ» ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው፣ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ የቆመ ልቦለድ ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ለዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ አስመራ ይሄዳል፣ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ማስቀመጥ ያስቸግራል። ንግግር ይበዛዋል፣ ዓረፍተ ነገሮቹ አጭር ናቸው፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ የቆማችሁበትን በቀላሉ ታገኙታላችሁ። መጽሐፉ እንደወጣ ከገበያ ተሰብስቧል፤ ደራሲውም የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህን እያወቁ ማንበብ ሌላ ነገር ይጨምርበታል። እኔ ግን መጀመሪያ የሚያነበው ሰው ይህን ሁሉ ትቶ ታሪኩን ብቻ እንዲከተል ነው የምመክረው።

አዳም ረታን ለጠዋት አስቀምጡት። አድናቂው ነኝ፣ ግን «ግራጫ ቃጭሎች»ን ጣሪያው እየጮኸ ማንበብ ለደራሲውም ለአንባቢውም በደል ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይነሳ፣ በረንዳ ላይ፣ ጥሩ ብርሃን እያለ። እሱ የሚጠይቀው ወደ ኋላ እየተመለሱ ማንበብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ የሚመልስ ብርሃን የለም።

ስለ ብርሃን ካነሳን ስልክ ላይ ስለማንበብ ልናገር። ሁሉም ሰው አሁን መጽሐፉ ስልኩ ላይ ነው፤ እኔም ስልኬ ላይ ብዙ አለኝ። ግን መብረቅ ሲጀምር እናቴ መጀመሪያ የምታደርገው ሶኬት መንቀል ነው። ቴሌቪዥኑ ይነቀላል፣ ምጣዱ ይነቀላል፣ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ሁሉ ይነቀላል። ልክ ናት። መብረቅ በመስመሩ ገብቶ ዕቃ ያቃጥላል። ሰፈራችን ውስጥ ሳይነቅል ቀርቶ ቴሌቪዥን የተቃጠለበት ሰው ለማግኘት ብዙ ቤት ማንኳኳት አያስፈልግም። ከዚያ ደግሞ መብራቱ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ባትሪው አሥራ አምስት ፐርሰንት ላይ ያለ ስልክ ይዞ ልቦለድ መጀመር ደግሞ ምን ይሉታል? ያለችውም ባትሪ ለሰው መደወያ ነው የምትፈለገው። ስለዚህ ለክረምት የወረቀት መጽሐፍ ነው፣ ቢያንስ አንድ።

ስትገዙ ወይም ስትዋሱ ደግሞ ፊደሉን እዩ። እውነቴን ነው። የመጽሐፉን ርዕስ ከማየታችሁ በፊት መሃሉን ገልጣችሁ የፊደሉን መጠን ተመልከቱ። አንዳንድ አሳታሚ ወረቀት ለመቆጠብ ፊደሉን ያሳንሰዋል፣ መስመሩን ያጠጋጋል፣ ኅዳጉን ይቆርጠዋል። በበጋ ይቻላል። በሻማ ወይም በዚያች ትንሽ የሶላር መብራት ግን ዓይን ያወጣል። «ሀ»ንና «ሁ»ን ለመለየት መጽሐፉን ወደ ሻማው እያስጠጉ ጠርዙን መለብለብም አለ። የድሮ እትሞች ፊደላቸው ተለቅ ያለ ነው፣ ስፌታቸውም ይሻላል።

አሁን ወደ ካፊያው። ካፊያ ሲሆን ጣሪያው ይረጋጋል፣ ወሬ ይመለሳል፣ ልጆች ይረብሻሉ። ያኔ ለራስ ማንበብ አይቻልም፣ ቢቻልም ያስወቅሳል። «አንቺ ልጅ፣ ከሰው መሃል ተቀምጠሽ መጽሐፍ ላይ ትደፊያለሽ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መፍትሔው ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። እዚህ ላይ ነው ወፍራሙን መጽሐፍ የማወጣው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ጀምሮ ስንቱ ጀምሮት ትቶታል። ሰው የሚተወው ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ላይ ነው፤ ማንኩሳ ላይ፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ጋ። ሰብለ ወንጌልን ፍለጋ የመጣ አንባቢ የበዛብህ አባትና እናት እንዴት እንደተጋቡ ሲተረክለት ትዕግሥቱ ያልቃል። ለብቻ ሲያነቡት ማለቴ ነው። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን ያ ክፍል ከሁሉም ይጥማል። እናቴ እየሳቀች «ይህቺን ሴትዮ አውቃታለሁ» ትላለች፣ ጎረቤት የራሱን ዘመድ ጋብቻ ያነሳል፣ አንድ ምዕራፍ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። መጽሐፉ ለጆሮ እንደሚሆን ደግሞ እኔ ነኝ ያገኘሁት አልልም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሙሉ ሥራ ትቶ ያዳምጥ ነበር፤ ትልልቆቹ እስካሁን ጉዱ ካሣን የሚሰሙት በእሱ ድምፅ ነው። እኔ ሳነብላቸው «እንዲያ አይደለም፣ ወጋየሁ እንዲህ ነበር የሚላት» እያሉ ያርሙኛል። ለምጄዋለሁ።

ለልጆቹ ነሐሴ ላይ ሌላ መላ ያስፈልጋል። ፍልሰታ ነው፣ ይጾማሉ፣ ቅዳሴ እስኪወጣ መጠበቁ ይከብዳቸዋል። ረጅም ነገር አይሆንም። የአለቃ ገብረ ሃናን ቀልዶች የሰበሰበ መጽሐፍ ካላችሁ አውጡት። አለቃ ፎገራ ናበጋ ተወልደው ጎንደር የተማሩ ሰው ስለሆኑ ልጆቹ የሰፈራቸው ሰው ይመስሏቸዋል። አንዷ ቀልድ ግማሽ ገጽ ናት። አንዳንዶቹ ለልጅ አይሆኑም፤ ቀድማችሁ አንብቡና ዝለሏቸው።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር አይስማሙም። «ልቦለድ በበጋም ይደርሳል፣ በክረምት ታሪክ ነው የሚነበበው» ይላሉ። ምክንያታቸው ታሪክን በአንድ ጊዜ አንድ ንጉሥ እያሉ ማንበብ ስለሚቻል፣ ሰው ሲገባ አቁሞ ሰው ሲወጣ መቀጠል አያስቸግርም የሚል ነው። ይኼ ትንሽ አሳምኖኛል። ግን ልቦለድና ታሪክ የተቀላቀለበትን ብነግራቸው ደስ ይላቸው እንደሆነ ብዬ ብርሃኑ ዘርይሁንን አነሳሁ። ጎንደር ተወልዶ አዲስ አበባ ጋዜጠኛ የሆነው ብርሃኑ «የቴዎድሮስ እንባ»ን እና «የታንጉት ምስጢር»ን ጽፏል፤ ሁለቱም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ላይ ናቸው። «ታንጉትን ከሆነ ስጪኝ፣ ሌላውን አንብቤዋለሁ» አሉ ጋሼ። እኔ ጋ የለም። እስካሁን እየፈለግሁላቸው ነው።

እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው አንድ ለክረምት የተሠራ የሚመስል መጽሐፍ አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 ጎንደር ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ አካባቢ ቆይቷል። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣ ሰው ነው፣ ግን የጻፈው አብዛኛው ስለ እኛ ሰፈር ነው። ቁስቋም ከእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ውስጥ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች ሲያክም፣ የዘመኑ ኃያል ራስ ሚካኤል ስሑል ሲቆጡ፣ ሚስታቸው ወይዘሮ አስቴር ሲናገሩ። መጽሐፉ በ1790 በአምስት ትልልቅ ቅጾች ታተመ። ባገሩ ሰው ብዙ ጊዜ ውሸታም ተብሎ ተሹፎበታል። ጉረኛ መሆኑን አልክድም፣ በየገጹ ራሱን ጀግና ያደርጋል። ግን ከመስኮታችሁ ቁስቋም ያለበትን ኮረብታ እያያችሁ ስለ ቁስቋም የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት የተጻፈ ነገር ማንበብ የትም አይገኝም። ዘመኑ ያለፈ መጽሐፍ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። በጋ ላይ አውርዱት፣ ክረምት ላይ ኔትወርክን ተስፋ አታድርጉ። የመጀመሪያውን ቅጽ ዝለሉ።

ብሩስ ወዳገሩ ሲመለስ ከያዛቸው ነገሮች መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። መጽሐፍ ከዚህ መውጣት የጀመረው እንግዲህ ቆየት ብሎ ነው። ፋሲል ግቢ ውስጥ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ሕንፃ አሁንም ቆሟል፤ ቱሪስት ፎቶ ተነስቶበት ያልፋል። ንጉሡ የነገሡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1667 እስከ 1682 ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ወደ መቅደላ አስጫኑ፣ በአውሮፓውያኑ 1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ደግሞ ወደ 350 የሚጠጋ የብራና መጽሐፍ ለብሪቲሽ ሙዚየም ተወሰደ። ዛሬ ያለው ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ይህን ሳስበው እናደዳለሁ፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ በተለይ የሚዋስ መጽሐፍ አጥቼ ስዞር። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ቤተ ክርስቲያን የቀረው ብራና በዚህ እርጥበት መቶ ዓመታት የተቀመጠው ዝም ተብሎ አይደለም። ማኅደር ተሠርቶለት፣ በማንገቻው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው፤ መሬት አይነካም። የእኛ ወረቀትም እርጥበት ይጠላል። ሐምሌ ላይ መደርደሪያውን ከግድግዳው አራቁት፣ በተለይ ግድግዳው ጭቃ ከሆነ። አልጋ ሥር በካርቶን የተቀመጠ መጽሐፍ መስከረም ላይ ሻግቶ ነው የሚወጣው። በፌስታል ጠቅልሎ ማሰሩም አይጠቅም፣ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መስኮቱን ከፍቶ ማናፈስ ነው ጥሩው። ፀሐይ ላይ ግን አታስጡት፤ ወረቀቱ ይቢጫል፣ ሽፋኑም ይጠማዘዛል። በሙጫ ብቻ የተጣበቀ ከሆነ ጀርባውን በደንብ ሳትለጥጡ አንብቡት፣ አለበለዚያ ነሐሴ ሳያልቅ ገጹ ቅጠል በቅጠል እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ዋጋውን አላነሳሁም። ወረቀት ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዶላር ሲወደድ መጽሐፍም ይወደዳል፤ አሁን አንድ አዲስ ልቦለድ ለመግዛት ብዙ ማሰብ ግድ ሆኗል። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውን ስካን የሚያነብ ሰው ላይ ስለዚህ አልፈርድም። ግን በሕይወት ያለ፣ ከመጽሐፉ ሽያጭ የሚኖር ደራሲ ሥራ ስካን ተደርጎ በአንድ ሌሊት ለአገር ሲዳረስ ያናድደኛል። ድሮ የታተመና ገበያ ላይ የጠፋ ከሆነ ሌላ ነው። እኔ የማደርገው አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት መግዛት ነው፤ ፒያሳ አካባቢ የሚያዞሩ ልጆች አሉ፣ ያነበባችሁትን ጨምራችሁ መቀየርም ይቻላል። ግዢው ግን ከሰኔ አጋማሽ በፊት ነው። ዝናቡ ከጠና በኋላ ወይ እነሱ አይወጡም ወይ እኛ አንወጣም፣ ከወጡም መጽሐፉ ላስቲክ ለብሶ ስለሚቀመጥ ገልጣችሁ ፊደሉን ማየት አትችሉም።

ከአሮጌዎቹ መካከል ካገኛችሁት «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን አትለፉት። የማርጋሬት ሚቸልን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ልቦለድ ነቢይ መኮንን ነው የተረጎመው፤ ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ እያለ፣ በሲጋራ ፓኬት ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ እየጻፈ፤ የሚፈቱ እስረኞችም እየደበቁ አውጥተውለታል። ቤት ውስጥ ተዘግቶ ስለመዋል ዝናቡን የሚያማርር ሰው ቤታችን ሲመጣ ይህን እነግረዋለሁ። መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ ይሮጣልም። ለዶፍም ለካፊያም ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ብዙ የለም።

ማዋስን በተመለከተ ክረምት ላይ ጠንካራ ነኝ። ለጋሼ ሁሉም ይፈቀዳል። ለሌላው ሰው መጽሐፉ ሲሄድ በፌስታል ነው፣ ሲመለስም በፌስታል፣ እስከ ጳጉሜ። እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ልጆች ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ያለው ተማሪ ወደየካምፓሱ ይበተናል፣ መጽሐፉም አብሮ ይሄዳል። «የታንጉት ምስጢር» ያላችሁ ሰዎች ግን ካላችሁ፣ በዚህ ሕግ አልገዛችሁም፤ ጋሼ በሁለት ቀን ይጨርሱታል፣ እኔ ራሴ አመጣላችኋለሁ።